የቀኛዝማች ጓዴ ሙቀት

ከሞጣ ወደ ቢቸና የመጣው ደብዳቤ አጃቢ እንጂ መርማሪ አልጠየቀም። ሟቹ ተቀብረዋል፤ ገዳይዋ ተይዛለች፤ ሽማግሌዎች ፈርመዋል፤ የቀረው አንድ የፖሊስ ሹም መጥቶ እስረኛዋን ደብረ ማርቆስ ማድረስ ብቻ ነው ይላል። የእጅ ጽሕፈቱ የተዋበ፣ መስመሩ የቀና፣ ጸሐፊው በራሱ እጅግ የተደሰተ መሆኑ ከሩቅ የሚታወቅ ነበር።

መቶ አለቃ ገብረ ክርስቶስ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊደል የቆጠረው ጢሙ ከበቀለ በኋላ ስለ ነበር ንባቡ ዝግ ያለ ነው፤ ዝግ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን ፈጣኑ የሚዘለውን ያያል። ዓይኑ በአንድ ስፍራ ላይ ቆመ።

«ቀኛዝማች ጓዴ ሚያዝያ ፳፫ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ከጧቱ በሦስት ሰዓት ታፍነው ሞተው፣ ሬሳቸውም ገና ትኩስ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ከንጋት ጀምሮ በቤቱ ከገረዳቸው ከባንቺዓለም በቀር ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ወንጀሉ ያለ ጥርጥር የእርሷ ነው።»

«ትኩስ!» አለ መቶ አለቃው ለራሱ። «ሬሳ ነው ወይስ ዳቦ?»

ይህ ሰው ፖሊስ ከመሆኑ አስቀድሞ ሰባት ዓመት ከአንድ የከብት ሐኪም ጋር ጎጃምን ዞሯል። የደስታ በሽታ በሬውን በጨረሰበት ዘመን የእርሱ ሥራ በመጀመሪያ ገመድ መያዝ፣ ኋላም ቴርሞሜትሩን ከከብቱ ጭራ ሥር አስገብቶ ቁጥሩን መጥራት ነበር። በዚህም ነገር የሳቁበት ባላባቶች ብዙ ናቸው። እርሱ ግን በጮቄ ውርጭም ሆነ በዓባይ በረሃ የጤነኛ በሬ ሆድ ከሠላሳ ስምንት ተኩል ዲግሪ ብዙ እንደማይርቅ፣ በግ ከዚያ ጥቂት እንደሚበልጥ፣ ያች ትንሽ ዶሮ ደግሞ ሁሉንም እንደምትበልጥ በእጁ ያወቀ ሰው ሆነ። የሳቁበት ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ሙቀትን ከልብሳቸው የሚያገኙ ይመስላቸዋል።

በማግስቱ ሳይነጋ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ከጧቱ በሁለት ሰዓት ሞጣ ደረሰ። በሟቹ ግቢ ደጃፍ የተቀበለው የደብዳቤው ጸሐፊ ራሱ ነበር፤ ታዘበው ይባላል፤ የቀኛዝማች የወንድም ልጅና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ፤ ክራባት አስሮ፣ በኮቱ ኪስ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቷል።

«መቶ አለቃ፣ እንኳን ደህና መጡ። ፋይሉ ኦልሬዲ ተዘጋጅቷል። እዚህ ላይ ብቻ ይፈርሙ። መኪናው እንዳይቆምብዎ።»

«መኪናው ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሣው።»

«ማን አለ?»

«እኔ» አለ መቶ አለቃው፤ አልፎትም ገባ።

ከፈረሙት ከአሥሩ ሽማግሌዎች ስድስቱ በግቢው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነበር። የነገሩንም ሂደት እየተቀባበሉ ነገሩት፤ እያንዳንዱ እርሱ ቢጎድል ፍርዱ የሚፈርስ ይመስል ነበር። ቀኛዝማች ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው መሬታቸውን ጎብኝተው ሲመለሱ ንዳድ ይዟቸው ተኝተዋል። በጊዮርጊስ ዋዜማ፣ ሚያዝያ ሃያ ሁለት፣ አገሩ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርጋነሽ በምሽቱ አንድ ሰዓት ቤቱን ቆልፈው ሄዱ። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ የእሜቴ፣ ሌላው የባንቺዓለም። ባንቺዓለም በዕለቱ ቀትር ላይ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ወደሚገኝ ጸበል ተልካ፣ እዚያው አድራ፣ በማግስቱ ንጋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ጸበሉን ይዛ ገባች። በሦስት ሰዓት ሰዎች ከማኅሌት ሲመለሱ የነፍስ አባታቸው እጃቸውን ከልብሱ ሥር ቢያስገቡ ቀኛዝማች ሞተዋል፤ ብብታቸው ግን ይሞቃል። ገናዡም ከጥርሳቸው መካከል ጥቁር የበርኖስ ጠጉር አወጣ።

«እንግዲህ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ ዘንጋቸውን መሬት ላይ እየመቱ፣ «የሞቀ ሬሳ አሁን የሞተ ነው። አሁን ከሞተ የገደለው አሁን የነበረ ነው። ከዚህ የሚያልፍ ጥበብ አለ?»

«የለም» አለ መቶ አለቃው። «አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ማሰብ ካቆመ ከዚያ የሚያልፍ የለም።»

ሽማግሌው የተመሰገኑ መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመጀመሪያ ያነጋገረው ወይዘሮ ይርጋነሽን ነው። ከል ለብሰው፣ ፊታቸውን ነጭተው፣ በሐዘን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል።

«እሜቴ፣ አንድ ሰዓት ላይ ሲወጡ ባለቤትዎን አይተዋቸዋል?»

«ምን ማለትህ ነው? የታመመ ባሏን ሳታይ የምትወጣ ምን ዓይነት ሴት ናት!»

«እንዴት ነበሩ?»

«ላብ አጥምቋቸው ነበር። ግንባራቸውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላቸው። ‹ይርጌ፣ ሂጂ፤ እኔ ልተኛ› አሉኝ። ይኸው ነው የመጨረሻ ቃላቸው።» አለቀሱ። ልቅሶው ከልብ ነበር፤ ቃሉ ግን እንደ ተጠና ውዳሴ ያለ እንከን ወረደ።

«ከዚያ በፊትስ የት ነበሩ?»

«ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚያው ጊዮርጊስ። ከአርባ ሴት ጋር ጠላ ስናጠልል። ቤቱን ልቆልፍ ብቻ… ልያቸውና ልቆልፍ ብዬ ነው የመጣሁት። ጎረቤቴ ጥሩአየሁ አብራኝ ነበረች።»

መቶ አለቃው «ልቆልፍ ብቻ» የሚለውን ቃል በልቡ አኖረና ወጣ። ጥሩአየሁን ከውሃ መንገድ ላይ አገኛት፤ እርሷም ሳትጠየቅ የምትናገር ሴት ነበረች።

ቀጥሎ የነፍስ አባትየውን መምሬ አካለ ወልድን ጠየቀ። መምሬ መስቀላቸውን እንደ ጋሻ ከፊታቸው ይዘው ነበር የተቀመጡት።

«አባቴ፣ እርስዎ በስንት ሰዓት ገቡ?»

«በአሥራ አንድ ሰዓት ገባሁ፤ ንዳዱ ያን ጊዜ ጀመራቸው። አልጋው እስኪንቋቋ ይንቀጠቀጡ ነበር። ጸሎት አድርሼ በአሥራ አንድ ተኩል ወጣሁ፤ ዋዜማ ቀርቦብኝ ነበር። ስወጣ የጥርሳቸው መፋጨት እስከ ደጅ ይሰማኝ ነበር።»

«ምን ለብሰው ነበር?»

«ከበታች አጎዛ፣ ከላይ ሦስት ጋቢ።»

«በርኖሱስ?»

«በርኖሱ ከግድግዳው ከችካሉ ላይ ነበር። አስታውሳለሁ፤ ካባዬን ከአጠገቡ ሰቅዬ ነበርና ስወጣ አወረድሁ።»

«ከጸሎት ሌላ ምን ተነጋገራችሁ?»

መምሬ መስቀሉን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። «ንስሐ ምስጢር ነው፣ ልጄ።»

«ንስሐውን አልጠየቅሁም። ሌላውን ነው።»

«ሌላውማ… ስለ ኑዛዜያቸው ነው። ከበዓሉ ማግስት ጽሐፉልኝ አሉኝ። ታዘበው በጉንደ ወይን የአንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት የእርሻ መሬት በሐሰት ማመልከቻ በእርሳቸው ስም እንዳስገባ ደርሰውበታል። ‹ከመሬቴ ውርስ ከልክዬዋለሁ› አሉ። ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር።»

«ታዘበው የት ነበር ያን ጊዜ?»

«ከበሩ ውጭ። ተራውን እየጠበቀ።»

«ይህን ለሽማግሌዎች ነገሯቸው?»

«ሟችን ማሳጣት አይገባም ብዬ…»

«ሟችን ነው ወይስ ምሳ የሚያበላዎን?»

መምሬ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ከቁጣ ይልቅ ያፈሩ መሰሉ፤ ይህም ከሽማግሌዎቹ በአንድ ጣት ከፍ አደረጋቸው።

ታዘበው የተናገረው ቃል ባጭሩ ይህ ነበር፦ መምሬ እንደ ወጡ ገባ፤ አጎቱ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ «ብርድ ገደለኝ» ስላሉት በርኖሱን ከችካሉ አውርዶ በሦስቱ ጋቢዎች ላይ ደረበላቸው፤ እስኪሞቃቸው ተቀምጦ በአሥራ ሁለት ሰዓት ትቷቸው ወጣ።

«ከዚህ በኋላማ» አለ እስክሪብቶውን እየገለበጠ፣ «እሜቴ በአንድ ሰዓት በሕይወት አይተዋቸዋል። ሪፖርቴ ላይ አለ። እርስዎ የሚደክሙት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

«ኩበት መልቀም ነውር አይደለም» አለ መቶ አለቃው። «ላሟ የት እንደዋለች ኩበቷ ይናገራል።»

ባንቺዓለም በእህል ቤት ታስራ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሆናት፣ ፊቷ የጠቆረ፣ ዝምታ ያበዛች ሴት ናት። እጆቿን በጠፍር አስረዋቸው ጠፍሩ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ቤቱ ፀሐይ አይገባበትም፤ ከሁለት ሌሊት ጀምሮ ከአንዲት ቀጭን ቀሚስ በቀር ምንም አልተሰጣትም። መቶ አለቃው ጠፍሩን ፈትቶ ከመግቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ጧት ስትገቢ ነክተሻቸዋል?»

«አልነካሁም፣ ጌታዬ። ንዳዱ ሲለቃቸው እንቅልፋቸው ከባድ ነው፤ የቀሰቀሰ ይሰደባል። ተሸፋፍነው አየሁና ተመስገን ብዬ ላሚቱን ላልብ ወጣሁ።»

«ንዳዱ እንዴት ነው የሚያደርጋቸው?»

ቀና ብላ አየችው፤ በሦስት ቀን ውስጥ የምታውቀውን ነገር የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ነበር።

«አንድ ቀን እየዘለለ ነው የሚመጣ፤ ሁልጊዜ በአሥራ አንድ ሰዓት። አሥራ ስድስት ቀን መጣ፤ አሥራ ስምንት፣ ሃያ፤ በሃያ ሁለት ተረኛው ነበር። መጀመሪያ ብርድ ነው። ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ እጃቸውን ብብታቸው ከትተው አንድ ሰዓት ያህል ይንቀጠቀጣሉ። ቀጥሎ እሳት ነው። ልብሱን ሁሉ ይወረውሩታል፤ ‹ውሃ! ውሃ!› ይላሉ፤ ቅሉን እስከ አተላው ይጨርሱታል። እኩለ ሌሊት ሳይሆን ላቡ ይመጣል። ጋቢው ተጨምቆ ውሃ ይወጣዋል። እኔ ነኝ የማጥበው፤ ነጩ ጨው ጠርዙ ላይ ቀርቶ እጄን ይበላኛል።»

«ሃያ ላይ የራሰውን አጠብሽው?»

«ሃያ አንድ ቀን በእንዶድ አጠብሁ፣ አደረቅሁ፤ ሃያ ሁለት ከመሄዴ በፊት አለበስኋቸው። ቅሉንም ሞልቼ አፉን በቅጠል ደፍኜ ከራስጌያቸው አኖርሁት።»

«ይህን ለሽማግሌዎች ነግረሻቸዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ጠፍሩ የበላውን አንጓዋን አሻሸች። ቆይታ «ጌታዬ፣ ደብረ ማርቆስ ይሰቅሉኛል አይደል?» አለች።

«ወረቀቱ እንዳለ ከሄደ፣ አዎን።»

ሳይዋሽ ስለ መለሰላት አመሰገነችው።

ከሬሳው መነሣት በኋላ የተቆለፈው መኝታ ቤት በሽማግሌዎች ፊት ተከፈተ። መቶ አለቃው ከአልጋው አጠገብ የተከመረውን ልብስ አንድ በአንድ አነሣ። ከሥጋ ጋር የሚገናኘውን ጋቢ በሁለት እጁ ወጥሮ ወደ መስኮቱ ያዘው፤ ወደ አፍንጫውም አስጠጋው። እንዶድ እንዶድ ይሸታል። አንድም ቢጫ መስመር፣ አንድም የጨው ጠርዝ የለበትም። አጎዛውም እንዲሁ ደረቅ፣ ጠጉሩ የተነሣ ነበር። በራስጌ ያለው ቅል እስከ አንገቱ ሙሉ ነው፤ አፉን የደፈነው ቅጠል ደርቆ ከአፉ ጋር ተጣብቋል። ከበርኖሱ ላይ፣ ከአንገቱ አጠገብ፣ የተነጨና የታኘከ የሚመስል ስፍራ አገኘ።

ከዚያ ሁሉንም ያስገረመ ነገር አደረገ። ከደጅ ራስ ራስ የሚያህሉ ሁለት የወንዝ ድንጋዮች አስመጣና ምድጃው ውስጥ ጨመራቸው። ሁለቱም እኩል ከጋሉ በኋላ በመቆንጠጫ አወጣቸው፤ ጨርቅ እንዳያቃጥሉ እስኪበርዱ ድረስ ጠበቀ፤ ከዚያ አንዱን በአጎዛው፣ በሦስቱ ጋቢዎችና በበርኖሱ ጠቅልሎ አልጋው ላይ አስተኛው። ሁለተኛውን ራቁቱን ከጎኑ ወለል ላይ ተወው። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ጊዜው አምስት ሰዓት ነበር።

«አስማት ነው እንዴ?» አሉ ዘንገኛው ሽማግሌ።

«ድንጋይ ታሞ ነው» አለ ታዘበው፤ ሽማግሌዎቹም ከልባቸው ሳቁ።

መቶ አለቃው ሳቁን እንደ ዝንብ ድምፅ አሳልፎ ገናዡን ፍለጋ ሄደ። ገናዡ ውበቴ ከመንደሩ ዳር ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ሰዎች ሲሞቱ ይፈልጉታል፤ በሕይወት ሳሉ ግን እጁን አይጨብጡትም።

«አያ ውበቴ፣ ሬሳው እንዴት ነበር?»

«እንደ ወጋግራ ደርቆ! መንጋጋውን እንኳ በግድ ነው ያላቀቅሁት፤ ያን ጊዜ ነው ጠጉሩን ያገኘሁት። ሲነጋጋ ለሞተ ሰው ይህ በጣም ፈጠነብኝ። እኔ ስንቱን ገንዣለሁ፤ ሬሳ እንዲህ እስኪገተር ግማሽ ሌሊት ይፈልጋል።»

«እግሩና እጁስ?»

«ያ ነው ያላስቸገረኝ። ቀጥ ብሎ፣ እጆቹ ከጎኑ ተዘርግተው። የሚገነዝ ቀድሞኝ የገባ ይመስል ነበር።»

«ለምን አልተናገርህም?»

ውበቴ በድድ ሳቀ። «ጌታዬ፣ ከቤታቸው ሲያስወጡኝ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ነው። አፍንጫውን የሸፈነ ሰው ጆሮውን አይከፍትም።»

በአሥር ሰዓት ሁሉም በመኝታ ቤቱ ተሰበሰቡ፤ ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ መምሬ አካለ ወልድ፣ ታዘበው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከበሩ ሥር ደግሞ ውበቴ። ባንቺዓለም ከግድግዳው ተጠግታ ቆመች፤ እጇ ቢፈታም ለሌላው እንደ ታሰረ ሆኖ ይታየው ነበር።

«ዘንግ የያዙት አባት ይቅረቡ» አለ መቶ አለቃው። «ወለሉ ላይ ያለውን ድንጋይ ይንኩ።»

«ይቀዘቅዛል።»

«አሁን እጅዎን ከበርኖሱ ሥር ያስገቡ። መምሬ በሬሳው እንዳደረጉት።»

ሽማግሌው እጃቸውን አስገብተው ደንግጠው አወጡ። «ይሞቃል!»

«እንግዲያው ይህ ድንጋይ መቼ ሞተ?»

ሽማግሌው እጃቸውን ደግመው አስገቡ፤ መቶ አለቃው ግን ቀጠለ።

«አምስት ሰዓት ሙሉ እሳት አላየም፤ እኩል የጋለው ወንድሙም እንደ ወንዝ ውሃ ቀዝቅዟል። በርኖስ አያሞቅም፤ ሙቀት የለውም። አጥር ነው፤ የገባውን እንዳይወጣ ይከለክላል። ሰውም በሬም ዶሮም ምድጃውን በገላው ይዞ ነው የሚዞረው፤ የሚበላው ማገዶው ነው። ሲሞት ምድጃው ይጠፋል፤ የነበረው ሙቀት ግን እንደ ልብሱና እንደ ግዝፈቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ጫጩት ወዲያው ትቀዘቅዛለች፤ የታረደ በሬ ግን ቆዳው ካልተገፈፈ እስከ ማግስቱ ይሞቃል። ቀኛዝማች ሦስት ሰው የሚያህሉ ሰው ነበሩ፤ ያውም ንዳድ ከጤነኛው በላይ ያጋላቸው፤ ያውም አጎዛ፣ ሦስት ጋቢና በርኖስ የተደረበባቸው። ከማታ እስከ ጧት ብብታቸው ቢሞቅ ምን ይደንቃል? አሥር ሰው አንዲት ሴት ለመስቀል የፈረመው፣ ገመዱን በማያሞቅ ልብስ ላይ አንጠልጥሎ ነው።»

«ከማታ?» አለ ታዘበው። «እሜቴ በአንድ ሰዓት በሕይወት አይተዋቸዋል!»

«እሱን ልናይ ነው። ገላ ሲበርደው ምን ያደርጋል? ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጥ ሥራ ነው፤ ሥጋ ራሱን እየሰበቀ ሙቀት ያወጣል፤ እየሮጠ እንደሚሞቀው ሰው። ንዳድ ሰውነትን አታሎ በርዶሃል ይለዋል፤ እርሱም እስኪግል ይንቀጠቀጣል። ከጋለ በኋላ ይጠማዋል። ማታለሉ ሲያበቃ ደግሞ ላብ ያወጣል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ላብ የሌለው ውሻ እንኳ በምላሱ ይህንኑ ይሠራል። ይህ ሥርዓት ነው፤ ቅደም ተከተሉም አይገለበጥም። ባንቺዓለም ሦስት ጊዜ አይታዋለች፤ በእጇም አጥባዋለች።» ጋቢውን ከድንጋዩ ላይ ገልጦ ዘረጋ። «ይህ ሥጋቸውን የነካው ጋቢ ነው። ላቡ የት አለ? ይህም ቅል እንደ ተደፈነ ነው። ጥማቱ የት አለ? ቀኛዝማች ላብ ላይ አልደረሱም፤ ጥማትም ላይ አልደረሱም። የሞቱት ገና ሲንቀጠቀጡ ነው፤ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ። የገናዡም ቃል ይህንኑ ያጸናል፤ በሦስት ሰዓት እንደ ወጋግራ ደርቀው ነበር።»

ሁሉም ወደ ወይዘሮ ይርጋነሽ ዞሩ።

«እሜቴ፣ በነጠላዎ የጠረጉት የማንን ላብ ነው?»

ወይዘሮዋ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉት።

«ጥሩአየሁ ነግራኛለች። ከበሩ ነው የተመለሱት። አላዩዋቸውም።»

«ዋዜማው ረፍዶብኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ጸጥ ብለው ነበር፤ የተኙ መሰሉኝ። በኋላ ሲጠይቁኝ… ባሏን ሳታይ ወጣች እንዳይሉኝ…»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ስንቁ ግን የሚያልቀው በባለቤቱ ነው፤ የእርስዎ ውሸት በሌላ ሰው አንገት ሊያልቅ ነበር። ባሏን ሳታይ የወጣች ሴት መባሉ ገረድ ከማሰቀል ከበደብዎ።»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

«በዚያች ሰዓት» ሲል ቀጠለ መቶ አለቃው፣ «ባንቺዓለም ከጸበሉ ላይ ነበረች፤ እሜቴ በአርባ ሴት መካከል ነበሩ። መምሬ በአሥራ አንድ ተኩል ሲወጡ የጥርሱ ፍጭት ይሰማ ነበር፤ በርኖሱም ከችካሉ ላይ ነበር። አወረድሁት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሦስት ጋቢ ላይ ደረብሁት ነው ያለው። መምሬ፣ ከሦስት ጋቢ በላይ ያለ በርኖስ ጠጉሩ ወደ ሰው ጥርስ እንዴት ይደርሳል?»

መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነው «ቀድሞ አፍ ላይ ካልተጫነ አይደርስም» አሉ።

«አይደርስም። አንድ ነገር ቀረ። የሚንቀጠቀጥ ፍጥረት አይዘረጋም። ውሻ ይጠቀለላል፤ ዶሮ ላባዋን ነፍታ አንገቷን ትቀብራለች፤ ሰው ጉልበቱን ያቅፋል፤ ሙቀት የሚያመልጥበትን ገላ ማጥበቡ ነው። ቀኛዝማች ግን ቀጥ ብለው ተገኙ። በብርዱ ሰዓት የተገደሉትን ሰው ገላቸው ሳይደርቅ አስተካክሎ ያስተኛ እጅ አለ። ያ እጅ የታመመ ሰው አስታሞ አያውቅም፤ የተኛ ሰው እንዴት እንደሚተኛ እንኳ የሚያውቀው ከሬሳ ነው። ከመሬት መነቀሉን ከበር ሆኖ የሰማ እጅ ነው፤ በማግስቱም ይህን ያማረ ደብዳቤ የጻፈ።»

ታዘበው ክራባቱን ነካ። በመጀመሪያ ሳቀ፤ የሳቀለት ሰው ባጣ ጊዜ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«አባቶቼ፣ ታዩታላችሁ? የከብት ቂጥ ሲለካ የኖረ ሰው ነው የሚያስተምራችሁ! ምንድን ነው ይህ ሁሉ ጣጣ? ነገሩ አልቆ ነበር እኮ! ማንም ምንም አልጎደለበትም! ለአንዲት ገረድ ነው ይህ ሁሉ?»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱ ሰማው። መምሬ አካለ ወልድ ከአጠገቡ አንድ እርምጃ ራቁ፤ ዘንገኛው ሽማግሌም ራቁ፤ ከዚያ የቀሩት ሁሉ፤ በሦስት ቀን ውስጥ እርስ በርስ ተያይተው ያደረጉት የመጀመሪያው ትክክለኛ ነገር ይህ ነበር፤ እርሱንም ያደረጉት ዘግይተው ነው።

«ለአንዲት ገረድ ነው» አለ መቶ አለቃው። «ጠፍሩን አምጡ።»

ጠፍሩን ያመጣው ውበቴ ነው። ታዘበው በገናዡ እጅ መታሰሩን ሲያይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከቀትር የተረፈው ሙቀት ገና ከቤቱ ሳይወጣ ጥርሱ ይፋጭ ነበር። «ብርድ… የምደርበው ስጡኝ» አለ።

«በርኖሱ የፍርድ ቤት ነው» አለ መቶ አለቃው። «ደግሞም ነግሬሃለሁ፤ አያሞቅም።»

መኪናው ከደጅ ጥሩምባውን ነፋ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ አዲሱ ወረቀት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ከመካከላቸው ወደ ግድግዳው፣ ወደ ባንቺዓለም ዞሮ «ይቅር በይን» ያለ አንድም አልነበረም። ዘንገኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው እንደ ወትሮው «አንቺ ባንቺዓለም፣ እስኪ ውሃ አምጪ» አሉ።

ባንቺዓለም አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ዝግ ብላ ወደ አልጋው ሄደች። ከጋቢዎቹ መካከል ድንጋዩን አውጥታ በሁለት እጇ አቀፈችው፤ ጠፍር የቆረጠውን የእጇን አንጓ ለሙቀቱ ሰጥታ በቀኛዝማች አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ጥቂት ጠበቁ። ግራ ቀኝ አዩ። በመጨረሻም ዘንጋቸውን ተደግፈው ወደ ራስጌው ሄዱና የተደፈነውን ቅል ራሳቸው ከፈቱት።